ጀርባው የተሻለ አንቴና

የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመርዶ ነው። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ መገባደጃ ላይ አያቴ ከቁልቢ ወዲያ ባለ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ፤ በማግሥቱም ተቀበሩ። የመጀመሪያ ልጃቸው እናቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ቤቷ ተቀምጣ ይህን የሰማችው በሦስተኛው ቀን ማለዳ ነው። አጎቴ በዚያች ሌሊት ዳገቱን ወጥቶ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ነበር። የመጀመሪያው ጥሪ ድምፅ ሳይሰማበት ተቋረጠ፤ ለሁለተኛው የስልኩ ባትሪ አልበቃም። ከዚያ ወዲያ ሬሳ ቤት ውስጥ ትቶ እንደገና ዳገት መውጣት አልሆነለትም። መርዶውን ይዞ የወረደው ለገበያ የመጣ ጎረቤት ነው። እናቴ ለቅሶ ደረሰች፤ ቀብር ግን አልደረሰችም። በአራተኛው ቀን እንግዳው ሲቀል ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አንቺ የምትማሪው ይህንኑ የስልክ ነገር አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ወቀሳ አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር። የሚመለስ ጥያቄ ስለሆነም ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ።

በዚያው ወር፣ ነሐሴ 23 ቀን፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን ከአገሪቱ ከተሞች ሁሉ አስቀድሞ በድሬዳዋ ጀምሮ ነበር። ከተማዋ ስለ ሁለተኛ ሲም ካርድ ስታወራ ሰነበተች። ይህን የማነሣው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። በአያቴ ሸለቆ ጥፋቱ የተራራው ነው፤ ማማው ቆሟል፣ ሞገዱም ይሠራጫል፣ በመካከሉ ግን ጋራ ተጋርዷል። አካባቢው ለስልክ ባዕድ የሆነ አገር አይደለም፤ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው በዚህ በእኛው ምሥራቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ነው። ሽቦ ተራራን ወጥቶ ይወርዳል። 900 ሜጋኸርዝ ላይ ያለ ሞገድ ግን ጋራ ሲገጥመው አብዛኛውን ራሱን እዚያው ያስቀራል።

የሚያልፈው ጥቂቱ ነው ጥናቴ። ሞገድ በሸንተረር ጠርዝ ላይ ሲያልፍ በመጠኑ ጎንበስ ብሎ ወደ ጥላው ይገባል፤ ዲፍራክሽን የምንለው ይህ ነው። ከማማው ወደ ተቀባዩ የሚሄደው ቀጥተኛ መስመር የጋራውን ጫፍ እንደ ምላጭ ስለት ነክቶ ቢያልፍ ኃይሉ ወደ ሩብ፣ ማለትም በ6 ዲሲቤል ይቀንሳል። ተቀባዩ ከጫፉ እየወረደ በሄደ ቁጥር ጉዳቱ ይከፋል። የመንደሩ ሰዎች ይህን ያለ ቀመር ያውቁታል፤ ሸንተረሩ ላይ ያለችውን አንዲት ቋጥኝ «ስልክ ቤት» ብለው ሰይመዋታል። እዚያ በመለኪያ ያገኘሁት ከዜሮ በታች 82 ዲቢኤም ነበር። በአጎቴ ግቢ ውስጥ ደግሞ ከዜሮ በታች 104። የጂኤስኤም ደረጃ ለእጅ ስልክ የሚያስቀምጠው የመቀበል ወሰን ከዜሮ በታች 102 ነው። ቤተሰቡን ከዓለም የለየው የሁለት ዲሲቤል ጉድለት ሆኖ ታየኝ፤ ነፋስና ዝናብ ሲወዛወዙ መጠባበቂያ እንዲሆን ስምንት ልጨምርበትና አሥር ዲሲቤል ካገኘሁ ይበቃል አልኩ። አጎቴ የውጭ አንቴና ማስገቢያ ያለው ገመድ አልባ የጠረጴዛ ስልክ ነበረው። የሚያስፈልገው ጥሩ አንቴና ብቻ ነው።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ሁሉንም ነገር፣ ጋራውንም ጨምሮ፣ በኮምፒዩተር ማስመሰል ነበር። ኬን ዪ እ.ኤ.አ. በ1966 ባቀረበው ዘዴ ቦታን በትናንሽ ኩቦች ከፋፍሎ የማክስዌልን እኩልዮሾች በእያንዳንዱ ኩብ፣ በእያንዳንዱ ቅጽበት ማስላት ይቻላል። በወረቀት ጀርባ አሰላሁት። የሞገዱ ርዝመት 32.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ኩቡ ቢበዛ የዚህ አንድ አሥረኛ መሆን አለበት። አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ቦታ ብቻ ወደ 29 ትሪሊዮን ኩብ ይፈልጋል፤ የመስኩን ስድስት ክፍሎች ለማስቀመጥ ወደ 700 ቴራባይት ማኅደረ ትውስታ ማለት ነው። የእኔ ላፕቶፕ 8 ጊጋባይት አለው፤ የሚያዝያን ሙቀትም በቅጡ አይችልም። ስለዚህ ጋራውን ለዲፍራክሽን ቀመር ትቼ አንቴናውን ብቻ በሙሉ ስሌት ለመያዝ ወሰንኩ።

ለሽቦ አንቴና የተሻለው መንገድ ቦታውን ሳይሆን ሽቦውን መቆራረጥ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው። ፖክሊንግተን በቀጭን ሽቦ ላይ የሚፈሰውን ኮረንት የሚገልጸውን የኢንተግራል እኩልዮሽ እ.ኤ.አ. በ1897 ጻፈው፤ ሃሌን በ1938 በሌላ መልክ አቀረበው፤ ነገር ግን በእጅ ከጥቂት ቀላል ቅርጾች በላይ መፍታት አይቻልም ነበር። ኮምፒዩተር ሲመጣ፣ በተለይም ሃሪንግተን በ1968 የሞመንት ዘዴን በመጽሐፍ ካደራጀው ወዲህ፣ ነገሩ የማትሪክስ ሥራ ሆነ። ሽቦው ወደ ቁርጥራጮች ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ያለው ኮረንት ያልታወቀ ቁጥር ነው፤ የአንዱ ቁራጭ ኮረንት በሌሎቹ ሁሉ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ደግሞ ይታወቃል። ያልታወቁትና የእኩልዮሾቹ ብዛት እኩል ነውና ይፈታል። ኮረንቱ ከታወቀ በኋላ በሩቅ ያለውን ጨረር ማግኘት መደመር ብቻ ነው።

እኔ የተጠቀምኩበት ፕሮግራም በአሜሪካ የሎረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ የተሠራው ኔክ ሲሆን ሁለተኛው እትሙ በ1981 የወጣና በነጻ የሚገኝ ነው። በፎርትራን የተጻፈ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ፕሮግራም ነው። በዚያ ዘመን መረጃ የሚገባው በተበሳ ካርድ ስለነበረ ዛሬም በላፕቶፕ የምንጽፍለት እያንዳንዱ መስመር «ካርድ» ይባላል። በድሬዳዋ ካርድ ማለት የስልክ ሒሳብ መሙያ ነውና፣ እናቴ ሌሊት «ምን እየሠራሽ ነው?» ስትለኝ «ካርድ እየጻፍኩ ነው» ብዬ ብዙ አስቄያታለሁ።

የመረጥኩት ቅርጽ ያጊ-ኡዳ ነው። ኡዳ በ1926 በጃፓን ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ከፕሮፌሰሩ ከያጊ ጋር ያስተዋወቀው፣ በየጣሪያችን ላይ ለቴሌቪዥን ስናየው የኖርነው ባለ ብዙ ዘንግ አንቴና ነው። ከዘንጎቹ ገመድ የሚገባው አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ከእሱ በሚደርሳቸው መስክ ብቻ ይነቃቃሉ፤ የእያንዳንዱን ሚና የሚወስነው ርዝመቱ ነው። ከሬዞናንስ ርዝመት ጥቂት ያጠረ ዘንግ ሞገዱን ወደ ራሱ አቅጣጫ ይመራል፤ ጥቂት የረዘመው ይመልሳል። ስለዚህ ከፊት አጫጭር መሪዎች፣ ከኋላ አንድ ረዘም ያለ አንጸባራቂ ይደረደራሉ። በመሪና በአንጸባራቂ መካከል ያለው ልዩነት በእኛ ድግግሞሽ የሁለት ሴንቲ ሜትር ጉዳይ ነው። ይህን አንባቢዬ ቢያስታውስልኝ ወደ ታች ይጠቅመናል።

አንድ ተመጋቢ፣ አንድ አንጸባራቂና አራት መሪ ዘንጎች ያሉት፣ መሐሉ 925 ሜጋኸርዝ የሆነ አንቴና ነደፍኩ። ለዘንግ ከአሮጌ ብረት መሸጫ የወዳደቁ የቴሌቪዥን አንቴናዎችን ገዛሁ፤ ቱቦዎቹ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው። በፋይሉ ላይ የዘንጉን ራዲየስ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ቀየርኩ። ከዚያም ስሌቱ ይበልጥ እንዲጠራ ብዬ እያንዳንዱን ዘንግ በ9 ፈንታ በ41 ቁራጭ ከፈልኩት። ማጥራት ማለት ማብዛት ነው የሚል እምነት በውስጤ ነበር፤ ከየትኛው ትምህርት እንደቀሰምኩት አላውቅም። ርዝመቶቹን የሚያስተካክለው ፕሮግራም ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጠዋት መሪዎቹ 14.6 ሴንቲ ሜትር እንዲሆኑ፣ ጌይኑም 12.9 ዲሲቤል እንደሚሆን ነገረኝ። ከፈለግሁት አሥር ብዙ ይበልጣል። ሥዕሉን አተምኩት፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የተዘረጋ፣ ከኋላው ትንሽ ጭራ ያለው ውብ ቅጠል ይመስላል። የኮረንቱንም ሥዕል አይቼ ነበር። በዘንጎቹ ጫፍና በመመገቢያው አጠገብ መጋዝ የመሰለ ጥርስ ነበረበት። አየሁት፤ አለፍኩት። የጽሑፌን ሦስተኛ ምዕራፍ በ12.9 ላይ ጻፍኩ።

በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ የቁልቢ ገብርኤል መንገደኛ የደንገጎን ዳገት ሞልቶት ሳለ፣ እኔም አንቴናዬን በነጠላ ጠቅልዬ ከተሳላሚዎች ጋር ተጭኜ ወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ለማን እንደተሳልኩ ጠየቁኝ፤ ለአጎቴ ስልክ ነው አልኳቸው፤ አሜን አሉ። በማግሥቱ አጎቴና ጎረቤቶቹ ባቆሙት ስድስት ሜትር የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ አንቴናውን ሰቀልነው። ወደ ሸንተረሩ፣ ከባሻገሩ ማማው ወዳለበት አነጣጠርኩት። የጠረጴዛ ስልኩ ምንም አላሳየም። ገመዱን ፈተሽኩ፣ መሰኪያውን ፈትቼ አሰርኩ። ምንም። ሰው ከብቦናል፤ ቡና ተፈልቷል፤ ሕፃናት በእንጨቱ ሥር ተሰልፈዋል።

እንጨቱን ይዞ የቆመው አጎቴ እጁ ዝሎ ሲያዞረው ስልኩ አንድ ምልክት አወጣ።

«ልጄ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ጀርባውን ነው የሚወደው መሰለኝ።»

«አይሆንም፣ ጋሼ። ፊቱ ወደ ማማው መሆን አለበት።»

«አንቺ ታውቂያለሽ። እስቲ ግን ለሙከራ ጀርባውን ወደ ማማው እናድርገው።»

አደረግነው። ሁለት ምልክት ሆነ፤ መልሼ ፊቱን ሳዞር ጠፋ። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። ጎረቤቶቹ ሁሉ ጀርባው እንደሚሻል መሰከሩ። አጎቴ በዚያው በጀርባው ለእናቴ ደወለ፤ ድምፁ እየተቆራረጠም ቢሆን ተሰማ፤ መንደሩ እልል አለ። እኔ ግን ዕልልታው መሐል ቆሜ ሦስተኛው ምዕራፌ ሲፈርስ ይታየኝ ነበር። ሞገዱን ወደፊት ይመራል ብዬ በስሌት ያረጋገጥኩት አንቴና ወደኋላ እየመራ ነው። ስለ አንዲት ዲሲቤል ስህተት ልከራከር እችላለሁ፤ ስለ አቅጣጫ ግን ምን እላለሁ?

ድሬዳዋ ተመልሼ ለአማካሪዬ ሳስረዳቸው ስለ እንጨቱም ስለ ገመዱም አልጠየቁኝም። «ኃይሉ ይታረቃል?» አሉኝ። የምናስመስለው ዘንግ ኃይል የማይበላ ከሆነ፣ በመመገቢያው የገባው ኃይል በሙሉ በዙሪያው ባለው ምናባዊ ሉል በኩል መውጣት አለበት፤ ሲካፈል ውጤቱ አንድ ይሆናል። አማካይ ጌይን የሚባለው ይህ ፈተና አንድ ተጨማሪ ካርድ ብቻ ነው የሚፈልገው። አልጠየቅኩትም ነበር። በዚያ ምሽት ጠየቅኩት፤ 1.46 አለኝ። መቶ ዋት አስገብቼ መቶ አርባ ስድስት ዋት አወጣሁ ማለት ነው። እናቴ ቀፊራ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች፤ ማታ ማታ በደብተሯ ላይ የገባና የወጣን ታመሳክራለች። መቶ ብር ገብቶ መቶ አርባ ስድስት ቢወጣ ትርፍ ነው ብላ አትተኛም።

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ለመግለጽ ግን ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ። ፕሮግራሙ ሽቦው ቀጭን ነው ብሎ ይነሣል፤ ኮረንቱ በሽቦው ገጽ ላይ ሳይሆን በመሐሉ በአንዲት መስመር ላይ እንደሚፈስ አድርጎ ያሰላል። ይህ ግምት የሚይዘው ቁራጩ ከሽቦው ራዲየስ በደንብ ሲረዝም ነው። የፕሮግራሙ መመሪያ በተለመደው ስሌት ቁራጩ የራዲየሱን ስምንት እጥፍ እንዲሆን፣ በተሻሻለው ስሌትም ከሁለት እጥፍ እንዳያንስ ይመክራል። የእኔ ቁራጭ 3.6 ሚሊ ሜትር፣ ራዲየሱ 5 ሚሊ ሜትር ነበር። ከርዝመቱ ይልቅ ስፋቱ የበለጠ «ቀጭን ሽቦ»፤ ሽቦ ሳይሆን ሳንቲም ነው። በዚህ ሁኔታ ቁራጩ በበዛ ቁጥር መልሱ አይጠራም፤ ኮረንቱ በጫፎቹና በመመገቢያው ዘንድ መወዛወዝ ይጀምራል። ያለፍኩት የመጋዝ ጥርስ ይህ ነበር። ፕሮግራሙ አልዋሸኝም፤ በሥዕል ነግሮኝ ነበር።

አቅጣጫውስ ለምን ተገለበጠ? ዘንግ ሲወፍር ለሬዞናንስ የሚያስፈልገው ርዝመት ያጥራል። 10 ሚሊ ሜትር ለወፈረ ዘንግ መሪው ወደ 13 ሴንቲ ሜትር መውረድ ነበረበት፤ በተበላሸው ስሌት ላይ ተመርኩዤ በ14.6 ቆረጥኩት። መሪ ያልኳቸው አራቱም ዘንጎች ለዚያ ድግግሞሽ ረጃጅም ሆነው ወደ አንጸባራቂነት ተለወጡ። አጎቴ በእጁ ያገኘው እውነት ይኸው ነው።

ሁለተኛውን አንቴና የሠራሁት ከ3.2 ሚሊ ሜትር የነሐስ መበየጃ ዘንግ ነው። በየበያጁ ሱቅ ይገኛል፤ ቀጥ ያለ ነው፤ በመቀስ ይቆረጣል። እያንዳንዱን ዘንግ በ9 ቁራጭ ከፈልኩ፤ የማይታወቁት 54 ብቻ ሆኑ፤ ላፕቶፔ እስክሪብቶ እስካነሣ አላስጠበቀኝም። መሪዎቹ 13.8 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አረፉ። አማካይ ጌይኑ 0.998፣ ጌይኑ 10.4 ዲሲቤል። ከ12.9 ወደ 10.4 መውረድ ያን ያህል ያስደስታል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በዚህ ጊዜ ግን ሳልፈትሽ ዳገት አልወጣሁም። የበጋው ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰፊ፣ ሜዳ፣ ለመለኪያ የሚመች። (በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ወርዶ ስንቱን ሰው የወሰደው ይኸው ወንዝ መሆኑን የድሬዳዋ ሰው አይረሳም፤ እኔም ደመና እያየሁ ነበር የምወርደው።) አንቴናውን በእንጨት ላይ አቁሜ በየ15 ዲግሪው እያዞርኩ ከከተማው ማማ የሚመጣውን ጥንካሬ መዘገብኩ። ከቀዚራ በኩል ካሉ ሕንፃዎች እየተመለሰ የሚመጣ ሞገድ ሥዕሉን ያዛባዋል፤ ጎኖቹ ከስሌቱ ጋር አልገጠሙም። ፊቱና ጀርባው ግን ገጠሙ፤ ፊቱ ፊት ነው። ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ዲሽ መስሏቸው የእንግሊዝ ጨዋታ ይመጣ እንደሆነ ጠየቁኝ።

በሚያዝያ ተመልሼ ወጣሁ። የስምንት ሜትሩ ገመድ ወደ 4 ዲሲቤል ይበላል፤ በመጀመሪያው ጉዞ ይህንንም አላሰብኩትም ነበር። ከስልኩ አጭር አንቴና 2 ዲሲቤል ጋር ሲነጻጸር ከአንቴናው ያተረፍኩት ስምንት፣ ገመዱ ሲቀነስ አራት ነው፤ የቀረውን እንጨቱ በከፍታው እንዲሰጠኝ ጠበቅሁ። ስሌቴ ከዜሮ በታች 94 ነበር፤ የለካሁት 95። ፊቱ ወደ ማማው ነው። አጎቴ ተጠራጥሮ ለማረጋገጥ ጀርባውን አንዴ አዙሮ አየው፤ ጠፋ፤ መለሰው። የመጀመሪያውን አንቴና ጥዬው ነበር፤ አሁን የጓሮው ቅል ሐረጉን ይስብበታል።

በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ የ12.9ኙን ሥዕል ከነመጋዝ ጥርሱ አስቀርቼዋለሁ፤ ከጎኑ 1.46 ብዬ ጽፌበታለሁ። ያልጨረስኩት ነገር ክረምቱ ነው። የረጠበ ቅጠልና እንጨት የሚያመጣውን ለውጥ ገና አልለካሁም፤ መሬቱንም በስሌቱ ውስጥ እንደ ደረቅ አፈር ወስጄዋለሁ፤ በሐምሌ ግን ሸለቆው ጭቃ ነው።

በሐምሌ አጎቴ ራሱ ደወለ። የአያቴ ሁለተኛ ሙት ዓመት በሚቀጥለው ወር ነው፤ ጌሾው ከዚያ ይምጣ ወይስ ከቀፊራ ይገዛ የሚል ነገር ነበር። እናቴ ተራራው አሁንም መሐል ያለ ይመስል እየጮኸች ነበር የምታወራው። የዛሬ ዓመት ስንት ሰው እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ላሚቱ ወለደች ወይስ አልወለደች፣ ተዝካሩ የበላው እህል ስንት እንደነበር፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቀች። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ የአጎቴ ካርድ አለቀ፤ እናቴም መልሳ ደወለችለት።